ማውሱ እየታወቀ ጠቋሚው አልንቀሳቀስ ሲል

እኛ በምንኖርበት በቱሉ ዲምቱ አካባቢ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ጎረቤቶቼ ደጋግመው የሚያነሱት ችግር አለ፤ ማውሱ ሲሰካ ኮምፒውተሩ የማወቂያ ድምፅ ያሰማል፣ ከሥሩም ቀይ ብርሃን ይበራል፣ ጠቋሚው ግን ንቅንቅ አይልም። ሌላ ለመግዛት መርካቶ ድረስ ከመሄዳችሁ በፊት እባካችሁ ይህን ሞክሩ።

በመጀመሪያ ማውሱን ገልብጣችሁ ብርሃን የሚወጣበትን ቀዳዳ በደረቅ ጥጥ ጥረጉና በነጭ ወረቀት ላይ አንቀሳቅሱት፤ መስታወት ብርሃኑን በአግባቡ ስለማይመልስ ጤነኛውን ማውስ የተበላሸ ያስመስለዋል። ከዚያም በሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ ሰኩት።

ይህ ካልፈታው ድራይቨሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ማውሱን እንዲያሠራ የሚያስችለውን ፕሮግራም፣ መጠርጠር ተገቢ ነው። በዊንዶውስ 10 እና 11 የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከኤክስ ጋር፣ ቀጥሎም ኤምን ስትጫኑ የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበት ዲቫይስ ማኔጀር ይከፈታል፤ በታብና በቀስት ቁልፎች ማውሱ ስም ላይ ደርሳችሁ ሺፍትንና ኤፍ10ን አንድ ላይ በመጫን ከሚመጣው ዝርዝር አንኢንስቶል የሚለውን ምረጡና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉት፤ ሲነሳ ድራይቨሩን ራሱ መልሶ ይጭነዋል።

አጥፍቶ ማብራት ሪስታርትን እንደማይተካ ግን አጥብቄ አሳስባለሁ፤ ፋስት ስታርትአፕ የተባለው አሠራር በርቶ ከሆነ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የዊንዶውስንና የድራይቨሮችን ሁኔታ በዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲበራ ያንኑ ስለሚያነሳ፣ ስህተቱም አብሮ ሊመለስ ይችላል።