የቆርቆሮ ጣሪያን በውሃ ርጭት ማቀዝቀዝ

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አዲስ አበባ ውስጥ ቆርቆሮ ሥር የሚሠራ ሰው የሚጠበሰው ከአየሩ ይልቅ በጣሪያው ነው። ደጅ ጥላ ላይ ደህና ነፋስ አለ፤ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ግን አናት ይግላል።

ጣሪያውን የሚያበርደው የውሃው ቅዝቃዜ ሳይሆን መትነኑ ነው። 1 ሊትር ውሃ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ 42 ኪሎ ጁል ይወስዳል፤ ሲተን 2,400 ገደማ። አሸንዳ ውስጥ የገባ ውሃ እንግዲህ የባከነ ነው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ይህ ቀላል አይደለም።

ለ4 በ5 ሜትር ጣሪያ እናስላ። የእኩለ ቀን ፀሐይ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ይጠጋል። ያረጀ ቆርቆሮ ግማሹን ቢውጥ 10 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ ይህን ለማንሳት በሰዓት 15 ሊትር መትነን አለበት። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን። (ጣሪያው ነጭ ካልተቀባ መጀመሪያ ቀቡት፤ የውሃው ፍጆታ ይቀንሳል።)

እቃው፦ እያንዳንዳቸው በሰዓት 30 ሊትር የሚረጩ 4 የመስኖ ኖዝሎች (የርጭት አፎች)፣ በደቂቃ 4 ሊትር የሚገፋ ባለ 12 ቮልት ፓምፕ፣ ባለ 120 ሜሽ ፊልተር (ደቃቅ ወንፊት ያለው ማጣሪያ)፣ ታይመር። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ በባትሪ ይሠራል። ሮቶን 2 ሜትር ከፍ አድርጎ ያለ ፓምፕ መሞከር አያዋጣም፤ ግፊቱ 0.2 ባር ብቻ ስለሚሆን ኖዝሉ ያንጠባጥባል እንጂ አይረጭም። 2 ባር ያስፈልጋል።

ቧንቧውን በቁልቁለቱ መሃል አግድም ዘርጉ። የመጀመሪያውን ኖዝል ከዳር 60 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የቀሩትን በየ1.25 ሜትሩ እሰሩ። ፓምፑ ከሚፈለገው በላይ ስለሚገፋ ትርፉን በቫልቭ ወደ ሮቶው መልሱ፤ አለዚያ ፓምፑን እንደ ግፊቱ የሚያበራውና የሚያጠፋው የግፊት ማብሪያ ቶሎ ቶሎ እየጠፋና እየበራ ይቃጠላል። ታይመሩን በየ4 ደቂቃው 30 ሰከንድ ላይ አድርጉ። ከዚያ ቆርቆሮውን እዩት፦ ቀጣዩ ርጭት ሲደርስ ገና ሊደርቅ የተቃረበ ከሆነ ልክ ነው። አሸንዳው ከተንጠባጠበ ወደ 20 ሰከንድ ቀንሱ። ጉም የሚመስል ደቃቅ ርጭት አትምረጡ፤ ቆርቆሮው ጋ ሳይደርስ ነፋስ ይወስደዋል።

ጣሪያው ከጋለ በኋላ አትጀምሩ። 5 ሜትር ቆርቆሮ በ30 ዲግሪ ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይለጠጣል፤ በድንገት ሲኮማተር ይንጫጫል፣ ውሎ አድሮም ምስማሩን ያላላል። ከላላው ቀዳዳ ዝገትና ፍሳሽ ይከተላል፤ ስለዚህ ከመግጠም በፊት የምስማሩን ጎማ ፈትሹ።

የጉድጓድ ውሃ ኖዝሉ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። አንዱ ኖዝል ወደ ጎን መርጨት ሲጀምር ነቅላችሁ አቼቶ ውስጥ አሳድሩት፤ በመርፌ አትጎርጉሩት፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ሮቶው ክዳን ይኑረው፣ ፀሐይም አያግኘው፤ ለብ ብሎ የቆመ ውሃ ባክቴሪያ ያራባል፣ ርጭቱ ደግሞ በመስኮት ሊገባ ይችላል። ክረምት ሲገባ ውሃውን አፍስሱና ፓምፑን አውርዱ።