ትእምርተ ጥቅስ የሌለውን ልቦለድ እንዴት እንደማነበው

የሆሴ ሳራማጎን «ብላይንድነስ» ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ገጽ 30 ሳልደርስ ትቼዋለሁ። ፖርቱጋላዊው ደራሲ ያሳተመው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ የኔው ቅጂ የጆቫኒ ፖንቲዬሮ የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። ቃላቱ አልከበዱኝም። ግን ትእምርተ ጥቅስ የለም፣ አንቀጹ ገጽ ይሞላል፣ ሰዎቹም ስም የላቸውም።

በሦስተኛው ለእናቴ አነበብኩላት። ዓይኗን ሞራ ስለጋረደው ማታ ማታ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ እነግራታለሁ። መኪናው ውስጥ የትራፊክ መብራት ሲጠብቅ የነበረ ሰው ድንገት ይታወራል፤ የሚታየውም ጨለማ ሳይሆን ወተት የመሰለ ንጣት ነው። «ሞራ ነዋ!» አለች። አይደለም እማዬ፣ ቆይ።

ስለዚህ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ቢያንስ ከንፈራችሁ ይንቀሳቀስ። ሳራማጎ ንግግርን የሚለየው በነጠላ ሰረዝና ቀጥሎ በሚመጣ ካፒታል ፊደል ነው። ሰረዝ አልፋችሁ ካፒታል ካገኛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ተናጋሪው ተቀይሯል። በእንግሊዝኛ «እኔ» የሚለው ቃል ሁልጊዜ በካፒታል ስለሚጻፍ እሱ እንዳያታልላችሁ። እናቴ «አሁን ማነው የተናገረው?» ስትለኝ መልስ ካጣሁ ወደ ኋላ እመለሳለሁ፤ ካልጠየቀችኝ አልቆምም።

ስም አለመኖሩ አያስጨንቃችሁ። የገጸ ባሕርያት ዝርዝር መጻፍ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። እኛ ሰፈር ግማሹ ሰው የእገሌ እናት፣ ባለሱቁ፣ ያቺ ነርሷ እየተባለ አይደል የሚኖረው? «የሐኪሙ ሚስት» እናቴን ምንም አላደናገራትም።

መግቢያ ካለው መጨረሻ ላይ አንብቡት፤ ታሪኩን ዘርግፎ ነው የሚነግራችሁ።

የሃንጋሪው ላስሎ ክራስናሆርካይ «ሳታንታንጎ» ሌላ ጣጣ አለው፤ ምዕራፉ በሙሉ አንድ አንቀጽ ነው። ምዕራፍ የሚያስጨርስ ጊዜ ከሌላችሁ አትክፈቱት። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሞክሬው ሰልፉ ጥሎኝ ሄዷል። የምዕራፎቹ ቁጥር እስከ ስድስት ሄዶ ከስድስት ወደ አንድ ሲመለስም የማተሚያ ቤት ስህተት አይምሰላችሁ፤ እንደ ታንጎው ዳንስ ወደ ፊት ተራምዶ ወደ ኋላ መመለሱ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አልጨበጥ ሲላችሁ በአማርኛ መልሱት። እኔ «ተነሥቶ፣ በመስኮት አይቶ፣ ተመልሶ» እያልኩ ማሰሪያ አንቀጹን እስከ መጨረሻ አቆየዋለሁ፤ እናቴም አፏን ከፍታ ትጠብቃለች።

እሷ ከ«ሳታንታንጎ» የወደደችው መስኮት ሥር ተቀምጦ እየጠጣ የመንደሩን ሰው ውሎ የሚመዘግበውን ሐኪም ነው። «ባለሱቁን በለኛ!» አለች።