ክብደቱ ቀላል ለሆነ ሪቮልቨር (ጎራሹ የሚሽከረከር ሽጉጥ) የሚስማማ ጥይት አመራረጥ

አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙረው የሚሽከረከረውን ጎራሽ ይክፈቱ፤ ጥይቱን በሙሉ ያውጡ። ከዚያ በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን ያንብቡ። «38 ስፔሻል» ካለ፣ የጥይቱም ቂጥ ይህንኑ ማለት አለበት። ካርቶኑ ጠፍቶ ዝናር ውስጥ የከረመ፣ ጽሑፉም የማይነበብ ጥይት ይቅርብዎ።

«357 ማግነም» የተባለው ኃይለኛ ጥይት ቀለሁ ከ38 ስፔሻል ቀለህ 3 ሚሊ ሜትር ያህል የሚረዝመው ሆን ተብሎ ነው፤ በ38ቱ ሽጉጥ እንዳይገባ። 38 ስፔሻል ግን በ357ቱ ይተኮሳል። በድሮዎቹ የእንግሊዝ ሽጉጦች የሚገባው 38 ቀለሁ አጠርና ወፈር ያለ ሌላ ጥይት ነው፤ ስሙ አያታልልዎ። የማካሮቭም አይሆንም። «ፕላስ ፒ» የሚል ምልክት ያለበት ግፊቱ ከ17,000 ወደ 20,000 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) ከፍ ያለ ስለሆነ፣ የሽጉጡ አምራች ካልፈቀደ አይጠቀሙበት።

የቀላል ሽጉጥ ልዩ ጣጣ ርግጫው ነው። ክብደቱ 425 ግራም ገደማ ስለሆነ ሲተኮስ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። ያልተተኮሱት ጥይቶች ቀለህ አብሮት ሲሄድ እርሳሱ (ተወንጫፊው ጫፍ) ባለበት መቅረት ይፈልጋል፤ ቀስ በቀስም ከቀለሁ ይወጣል። ጫፉ ከጎራሹ ፊት ካለፈ ጎራሹ አይዞርም፣ ሽጉጡ ጭራሽ ይቆለፋል። መዳብ ያልለበሰ እርሳስ በዚህ ይብሳል። ስለዚህ 130 ግሬን (8.4 ግራም) መዳብ የለበሰ፣ የቀለሁ አፍ እርሳሱን አጥብቆ የያዘ መደበኛ 38 ስፔሻል ይሻላል። ጎራሹ ታይታኒየም ከሆነ ደግሞ ከ120 ግሬን በታች የሆነ ማግነም ፊቱን ቶሎ ይበላዋል።

በቃል አይመኑ፣ ይለኩ። የአንዱን ጥይት ርዝመት በካሊፐር (ጥቃቅን ርዝመት መለኪያ) ለክተው ምልክት ያድርጉበትና በመጨረሻው ቀዳዳ ያስገቡት። ሌሎቹን ሁሉ ተኩሰው እሱን አውጥተው እንደገና ይለኩ። ከረዘመ ያ ካርቶን ለእርስዎ ሽጉጥ አይደለም። ሙከራው ፈቃድ ይዞ በተፈቀደ ቦታ ነው እንጂ ሰርግ ላይ አይደለም! ጣትዎንም ከጎራሹና ከበርሜሉ መገናኛ ያርቁ፤ በዚያ ክፍተት የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ሥጋ ይቆርጣል።

ቀጭ ብሎ ካልተኮሰ ምላጩን አይድገሙ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት ከበርሜሉ አቅጣጫ ውጭ ሊፈነዳ ይችላል። አፈሙዙን ሳያዞሩ 30 ሰከንድ ይጠብቁ። ድምፁ ከወትሮው ደከም ካለም ያቁሙ። ጥይቱን አውጥተው በርሜሉን ይመልከቱ፤ እርሳስ ውስጡ ቀርቶ ይሆናል፣ ቀጣዩ ጥይት በርሜሉን ይሰነጥቀዋል።

በክረምት ጥይትን በቆዳ ዝናር ማኖር ቀለሁን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ካርቶኑ ውስጥ፣ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ሽጉጡን ዘይት ሲቀቡ ጥይቱን ያርቁ፤ ዘይት በቂጡ በኩል ከሰረገ መለኮሻውን ያመክነዋል።