የእጅ ጥልፍ በቡድን ለምታስተምሩ፦ ክሩን አታስረዝሙ

ከሁሉ በፊት ጨርቁን እጠቡት። አቡጀዲም ሸማም ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ ከተጠለፈ፣ በኋላ ሲታጠብ በጥልፉ ዙሪያ ይጨማደዳል። ቀይ ክር ቀለም እንዳይለቅባችሁ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርጋችሁ ፈትኑት።

ክሩ ከ45 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ጀማሪ ክሩን መርፌው ውስጥ ደጋግሞ ላለማስገባት ብሎ ረጅም ይቆርጣል፤ ረጅም ክር ግን ጨርቁ ውስጥ በተመላለሰ ቁጥር እየሳሳ፣ እየተቋጠረ ያስቸግራል። የተለመደው የጥልፍ ክር 6 ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው ነው የሚሸጠው፤ ለስስ ጨርቅ 2ቱ ይበቃሉ። ስትለዩ አንድ በአንድ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡ፤ ሁለቱን ባንዴ ከሳባችሁ ይተበተባል። እየሠራችሁ ክሩ ከተጠማዘዘ መርፌውን ቁልቁል ልቀቁት፣ ራሱ ተሽከርክሮ ይፈታል። መወጠሪያውን ክብ እንጨት ደግሞ ሥራ ስታቆሙ አውልቁት፤ ካደረ የሚተወው ምልክት በካውያም ቶሎ አይለቅም።