ስፕሊት ከሄዳችሁ ቤተ መንግሥቱን በጠዋት ዙሩት

ክሮኤሺያ፣ ስፕሊት ከተማ የመሄድ ዕድል ካገኛችሁ የጥንቱን የሮማ ንጉሥ የዲዮቅልጥያኖስን ቤተ መንግሥት ከአስጎብኚ ጋር በእግር ዙሩት። ሰው ዛሬም ውስጡ ይኖራል፤ ብቻችሁን ከገባችሁ የቱ ግንብ የጥንት፣ የቱ የኋላ እንደሆነ አይለይላችሁም።

በጠዋት የሚነሳውን ጉብኝት ምረጡ። ረፈድ ሲል ጠባቦቹ መንገዶች በሰው ይሞላሉ። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን፤ የመንገዱ ድንጋይ ከብዙ ዘመን እርግጫ የተነሳ ልሟል።

ከመክፈላችሁ በፊት ዋጋው የምድር ቤቱን መግቢያ ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። እሱ እንዳያመልጣችሁ! ከላይ የነበሩት የንጉሡ ክፍሎች አብዛኞቹ ፈርሰዋል። የታችኞቹ ግን በእነሱው ቅርጽ ስለተሠሩ፣ የላይኛው ምን ይመስል እንደነበር የምታዩት እዚያ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ ልቤን የነካኝ ካቴድራሉ ነው። ሕንጻው የተሠራው ለዲዮቅልጥያኖስ መቃብር ነበር። ይሄ በእኛም ቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው፣ ዓመተ ሰማዕታት እሱ ከነገሠበት ከ284 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆጠረው ንጉሥ ነው። ዛሬ በእሱ ዘመን በተሠዋው በቅዱስ ዶምኒዮስ ስም ይቀደስበታል። እዚያ ስትደርሱ አስጎብኚውን ትንሽ እንዲያቆያችሁ ለምኑት።