ማካሬናን ለቤተሰብ ድግስ እንዴት እናስተምር

ባለፈው ክረምት በእህቴ ልጅ ልደት ላይ ማካሬና የሚባለውን፣ ከስፔን ዘፈን ጋር የሚሄደውን ጭፈራ አስተማርኩ። ሳሎኑ ውስጥ አሥራ አንድ ሕፃናትና አራት ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በግማሽ ሰዓት ሁሉም ቻሉት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ዘፈኑን ምረጡ። ዋናው ማካሬና በስፓንኛ ብቻ የተዘፈነ ነው፤ ሎስ ዴል ሪዮ የሚባሉት ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት። ዓለም የጨፈረበት ግን ቤይሳይድ ቦይስ የሚባሉ የሙዚቃ አቀናባሪዎች ማያሚ ላይ የሠሩት፣ እንግሊዝኛ ግጥም የተጨመረበት ሪሚክስ (እንደገና የተቀናበረ ቅጂ) ነው። በ1996 አሜሪካ ውስጥ በዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ለ14 ሳምንት አንደኛ ሆኗል። ለጀማሪ እሱ ይሻላል፤ ምቱ ጎልቶ ይሰማል። ሕፃናት ካሉ ግን ግጥም የሌለውን፣ ሙዚቃውን ብቻ ፈልጉ። በግጥሙ ውስጥ ማካሬና ፍቅረኛዋ ለውትድርና ሲሄድ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የምትወጣ ልጅ ናት። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ነው ለልጆች የሚከፍተው።

እጅ ከማንሳታችን በፊት ታሪኩን እነግራቸዋለሁ። ሎስ ዴል ሪዮ፣ ማለትም አንቶኒዮ ሮሜሮና ራፋኤል ሩይዝ፣ ከስፔኗ ከተማ ሴቪል አጠገብ ያለችው የዶስ ኤርማናስ ልጆች ናቸው። ከ1962 ጀምሮ አብረው ይዘፍናሉ። በ1992 ካራካስ፣ ቬኔዙዌላ፣ አንድ ግብዣ ላይ ተጠሩ። እዚያ ዲያና የምትባል የፍላሜንኮ (የስፔን ባህላዊ ጭፈራ) ዳንሰኛ ስትጨፍር አንቶኒዮ አየና በቦታው ግጥም ወጣለት፤ ለሰውነትሽ ደስታ ስጪው የሚል። ኋላ ዘፈኑን ሲሠራው የዲያናን ስም በማካሬና ተካው። ማካሬና የሴቪል ሰፈር ናት፤ በእመቤታችን ሐውልትም ትታወቃለች። ሠላሳ ዓመት አብሮ ዘፍኖ፣ ከዚያ በአንድ ምሽት በወጣች ስንኝ ዓለም ሲያውቅህ! ይሄን ስናገር ሁሌ ልቤ ይሞላል።

አሁን ወደ እጁ። ሙዚቃውን አትክፈቱ። በፊት በፊት ከፍቼ ነበር የምጀምረው፤ ሁሉም ተደናበረ። አንድ ዙር 16 ምት ነው፤ ዘጠኝ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ጀርባችሁን ለተማሪዎቹ ስጡ፤ ፊት ለፊት ከቆማችሁ ቀኛችሁ ግራ ይሆንባቸዋል።

ሁሌም ቀኝ እጅ ይቀድማል፣ ግራ ይከተላል። በአንድና በሁለት እጆቻችሁን በየተራ ወደ ፊት ዘርጉ፣ መዳፍ ወደ መሬት። በሦስትና በአራት መዳፎቹን ወደ ላይ ገልብጡ። በአምስት ቀኝ እጅ ግራ ትከሻን ይይዛል፣ በስድስት ግራው ቀኙን። በሰባትና በስምንት እጆቹ ወደ ማጅራት ይሄዳሉ። በዘጠኝ ቀኝ እጅ ወደ ግራ ዳሌ፣ በአሥር ግራው ወደ ቀኝ። በአሥራ አንድና በአሥራ ሁለት ሁለቱም ወደ ኋላ፣ መቀመጫ ላይ። ከዚያ ዳሌን ሦስት ጊዜ ማወዛወዝ ነው። በ16ኛው ምት ዘለል ብላችሁ ሩብ ዙር ዞራችሁ ታጨበጭባላችሁ።

ሰው የሚሳሳተው ዘጠኝ ላይ ነው። እጁን አያጠላልፍም፤ ቀኙን ቀኝ ላይ ያሳርፋል። እዚያች ቦታ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ተመላለሱ። ሌላው ደግሞ የኛው ነገር ነው፤ ትከሻ ዝም አይልም። እስክስታ በደማችን ስላለ ከበሮ ሲሰማ ይነሳል። እዚህ ግን ትከሻ ያርፋል፣ ሥራው የዳሌ ነው። አጎቴን ይህን ለማስለመድ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል።

ሳሎኑ ጠባብ ከሆነ የመዞሪያውን አቅጣጫ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ያለዚያ ግንባር ለግንባር ነው። አራት ዙር ሲሞላ ሁሉም መጀመሪያ ወደነበረበት ይመለሳል።

መቆም ለማይችል ሰው ዝላዩን ተዉለት። እጁ ብቻ ይበቃል። እናቴ አሥራ ሁለቱን ምት አንዲት ሳትስት ሠራች። 16 ላይ ስንደርስ እኛ ስናጨበጭብ እሷ እልልታዋን አቀለጠችው። ሕፃናቱ ወደዱት። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ዙር በእልልታ ዘጋን።