የአገር ቤት ወረቀት ሁሉ ኢሜይላችሁ ውስጥ ነው፤ ቅጂውስ የት ነው?

ከአምስት ዓመት በፊት የተላከላችሁን የውክልና ስካን አሁኑኑ አውጡ ብትባሉ የት ትፈልጉታላችሁ? እኔ ኢሜይሌ ውስጥ ነው የምገባው። ወንድም የላከው የቤት ካርታ፣ ጠበቃው የጻፈው ማብራሪያ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ ከተከራይ ጋር የተፈረመው ውል፣ ሁሉም እዚያ ተከማችቷል። ውጭ የሚኖር ሰው አገር ቤት ቢሮ የለውም። ቢሮው ኢሜይሉ ነው።

ይሄ የገባኝ በክፉ ሰዓት ነው። ከአገር ከወጣሁ በኋላ አዲስ ኢሜይል ከፍቼ የድሮውን "ሲያስፈልገኝ እገባበታለሁ" ብዬ ተውኩት። ሲያስፈልገኝ ፓስወርዱ ጠፋኝ። "ወደ ስልክዎ ኮድ ልከናል" ይላል። ስልኩ አገር ቤት ትቼው የመጣሁት ቁጥር ነው፤ ሲሙ ከተዘጋ ቆይቷል። ኮዱ ለማን እንደደረሰ እግዜር ይወቀው። አንዲት ወረቀት እንደገና ለማውጣት ሦስት ወር ፈጀ። ያን ሁሉ ጊዜ ከቢሮ ቢሮ የተመላለሰችልኝ አክስቴ ናት። እስከ ዛሬ በደወልኩ ቁጥር ታነሳብኛለች።

ስለዚህ ስለ ባክአፕ፣ ማለትም ዋናው ቢጠፋ ስለሚተካው ተለይቶ የተቀመጠ ቅጂ፣ ከማውራታችን በፊት በሩን እናስተካክል። ኢሜይላችሁ ላይ የተመዘገበው ስልክ ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ነው? ካልሆነ ይሄን ጽሑፍ አቁሙና ቀይሩት፤ እጠብቃለሁ። ጂሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከፓስወርድ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን) ስታበሩ ስልክ በሌለበት ሰዓት የሚያስገቡ 10 ኮዶች ማውጣት ትችላላችሁ። እያንዳንዱ የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ አትሟቸውና ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጧቸው። እዚያው ኢሜይል ውስጥ ማስቀመጥ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መቆለፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። "ጎግልን የሚያህል ድርጅት ይዞልኝ ምን ይጠፋል?" የሚል ሰው ሁሌም አለ። በፌብሩዋሪ 2011 አንድ የሶፍትዌር ስህተት 0.02 በመቶ የሚሆኑ የጂሜይል ተጠቃሚዎችን ሳጥን ባዶ አድርጎ ነበር። ጎግል የእያንዳንዱን መልእክት ቅጂ በተለያዩ ማዕከላት ያስቀምጣል፤ ስህተቱ ግን በተለያየ ቦታ ያሉትን በርካታ ቅጂዎች አብሮ ነካቸው። ያዳናቸው ከኔትወርክ ውጭ በቴፕ የተቀመጠው ባክአፕ ነው። መልእክቶቹ ተመለሱ፤ ቀናት ግን ፈጀ።

እንዲህ ያለው አደጋ ብርቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምናጠፋው እኛው ነን። ቦታ ሞላብን ብለን ስናጸዳ አብሮ ይጠፋል፤ ጂሜይል የተሰረዘውን 30 ቀን አቆይቶ ጨርሶ ይጥለዋል። ሌባ ገብቶ ያጠፋል። የመሥሪያ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ኢሜይል ከሆነ ደግሞ ስትለቁ ይዘጋል፤ የግል ጉዳያችሁን እዚያ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡ። የተረሳ አካውንትም አለ። ጎግል ሁለት ዓመት ያልተነካ የግል አካውንት እንደሚሰርዝ አሳውቆ ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ መሰረዝ ጀምሯል።

"ስልኬም ላይ ላፕቶፔም ላይ አለ እኮ" የምትሉም አትዘናጉ። ሁለቱም የሚያሳዩት ያንኑ አንድ ሳጥን ነው። ስልኩ ላይ ስታጠፉት ላፕቶፑም ላይ ይጠፋል። ይሄ ማመሳሰል እንጂ ባክአፕ አይደለም።

የክላውድ ባክአፕ አገልግሎት፣ ማለትም የኢሜይላችሁን ቅጂ በኢንተርኔት በኩል ወስዶ የሚያስቀምጥላችሁ ሌላ ድርጅት፣ የሚሠራው እንዲህ ነው። አንዴ ፈቃድ ትሰጡታላችሁ። መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ይገለብጣል፤ ሳጥኑ ትልቅ ከሆነ ይሄ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አዲስ የመጣውን ብቻ ይጨምራል። እናንተ ዋናው ሳጥን ውስጥ ብታጠፉም እሱ ጋ ያለው ቅጂ ይቆያል። ሲያስፈልግ ፈልጋችሁ ታወጣላችሁ፣ ወይም ወደ ሌላ አዲስ አካውንት ታስመልሳላችሁ።

ፈቃዱ ላይ ልብ በሉ። ጥሩ አገልግሎት ወደ ኢሜይል ድርጅታችሁ የራሱ ገጽ ይወስዳችኋል፤ ፓስወርድ የምታስገቡት እዚያ ነው፣ "ፈቅጃለሁ" የምትሉትም እዚያው ነው። የጂሜይል ፓስወርዳችሁን "እኔ ገጽ ላይ ጻፉልኝ" የሚል አገልግሎት ካጋጠማችሁ ውጡ።

ከመክፈላችሁ በፊት እኔ የምጠይቀው ይሄን ነው። የተሰረዘውን ለምን ያህል ጊዜ ታቆያላችሁ? አንዳንዱ ለዘላለም የሚመስል ነገር ጽፎ በትንንሹ "90 ቀን" ይላል። አባሪ ፋይሎቹን አብራችሁ ትወስዳላችሁ? ለእኛ ዋናው ነገር እኮ አባሪው ነው፤ "ሰላም ነው፣ ካርታው ይኸው" የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምን ያደርጋል? ሁሉንም አውርጄ ልሂድ ብል ኤምቦክስ በሚባለው የኢሜይል ፋይል ዓይነት ወይም በሌላ ማንም ፕሮግራም በሚከፍተው ዓይነት ትሰጡኛላችሁ? መክፈል ባቆምስ? ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል አይደለችም። አገር የቀየረ ሰው ባንክ ይቀይራል፣ ካርድ ይቀይራል። ክፍያው ይቋረጥና ማስጠንቀቂያው የሚላከው ወደዚያው ወደማትከፍቱት ኢሜይል ይሆናል።

ቅጂው በምስጢር ተቆልፎ የሚከፍተው ቁልፍ በእናንተ እጅ ብቻ የሚሆንባቸው አገልግሎቶችም አሉ። ድርጅቱ ራሱ መልእክታችሁን ማንበብ አይችልም። ለምስጢር ግሩም ነው። ግን ቁልፉ ከጠፋ የሚረዳችሁ የለም። ለሚረሳ ሰው፣ ማለትም ለእኔ፣ አልመክርም።

መክፈል ካልፈለጋችሁ ጎግል ላይ ያላችሁን ነገር የምታወርዱበት ቴክአውት የሚባል የጎግል መሣሪያ አለ። ኢሜይሉን ብቻ መርጣችሁ በኤምቦክስ ታወርዱታላችሁ። ለአንድ ዓመት በየሁለት ወሩ እንዲያዘጋጅላችሁ ማዘዝም ይቻላል፤ ቅጂውን በቀጥታ ወደ ድሮፕቦክስ ወይም ዋንድራይቭ (ፋይል በኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች) ይልክላችኋል። ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ማዘዝ አለባችሁ። ፋይሉን ተንደርበርድ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ማየት ይቻላል። ችግሩ መመለሱ ላይ ነው፤ ወደ ጂሜይል መልሶ ማስገባት በአንድ ቁልፍ የሚሆን ነገር አይደለም። የሚከፈልበት አገልግሎት ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

ቅጂው በእጃችሁ ሲገባ አንድ የድሮ ኢሜይል ምረጡ፤ ከነአባሪው ከባክአፑ አውጡና ፒዲኤፉን ክፈቱት። ተከፈተ? ማኅተሙ ይነበባል? እንዲያ ከሆነ ባክአፕ አላችሁ። ካልሞከራችሁት ግን ያላችሁ ተስፋ ነው።

ስለ ቦታም ልበል። የጂሜይል ነጻ 15 ጊጋባይት ከጎግል ፎቶና ፋይል ከሚቀመጥበት ከጎግል ድራይቭ ጋር የጋራ ነው። አባሪ ፋይል በኢሜይል ሲላክ ደግሞ ወደ ጽሑፍ ስለሚቀየር በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይወፍራል። ሳጥኑ ሲሞላ አዲስ መልእክት አይገባም፣ ለላኪው ይመለስበታል። ጠበቃው "ልኬልዎታለሁ" ሲል እናንተ "አልደረሰኝም" ስትሉ የምትጣሉት አንዳንዴ በዚህ ነው።

ፓስወርዳችሁን ለወንድም ወይም ለጓደኛ ሰጥታችሁ "ግባና አትምልኝ" የምትሉትን ነገር ተዉት። የትኛው ኮምፒውተር ላይ ከፍቶት እንደወጣ አታውቁም። የሚፈለገውን ፋይል ብቻ ላኩለት።

እኛ አንድ ነገር ብንሆን ቤተሰብ ሰነዱን ከየት ያገኛል? ጎግል ለዚህ ያዘጋጀው ነገር አለ፤ አካውንቱ ከ3 እስከ 18 ወር ዝም ካለ እስከ 10 ለሚደርሱ የመረጣችኋቸው ሰዎች መልእክት ይልክና የፈቀዳችሁትን እንዲያወርዱ ያደርጋል። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ያቺኑ አክስቴን ነው። ደውዬ ስነግራት ትንሽ ዝም አለችና፣ "እሺ፣ አሁን ደግሞ የትኛው ቢሮ ልትልከኝ ነው?" አለችኝ።